ስሜን ፍቁልኝ ያለው ሰው

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ድሮ አገለግልበት በነበረው ደብር፣ ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያገሩን ሰው ለጥምቀትም ለሠርግም ሲያለብስ የኖረ ሽማግሌ። ሰልባጅ ገበያውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ግን ደንበኛ ራቀው፤ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮቱ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የዕድር ዳኛ ነበርና ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል። እንዲህ ያለውን ሰው አገራችን ምን ትለዋለች? «ኩራት እራቱ» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አንዳንድ ቀን ሌላ እራት አልነበረውም።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። አንድ ቀን ውሃ ስትቀዳለት ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰችው። «መሸብኝ መሰለኝ» አለች። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ መርምራ፣ «እማማ፣ የዓይን ግፊት ነው። ሆስፒታል ሄደው በየቀኑ የሚጨመር መድኃኒት ካልጀመሩ ሁለቱም ይጠፋሉ። አንዴ የጠፋውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም» አለቻት።

በምን አቅም? ግን አንድ መንገድ ነበረ። የጤና መድንን ታውቁታላችሁ። አቅም ያለው በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፤ ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። የማይችለው ማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ፣ ስም እየተነበበ። ስም የሚመዘግቡት ኮሚቴዎች የልብስ ሰፊውን ጓዳ ያውቁታልና ሳይነግሩት ስሙን ጻፉት። አንጓች ይህን ከጎረቤት ሰምታ እልል ማለት ብቻ ቀራት። በስብሰባው ቀን ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ሄደች።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ አቶ አዳሙ ስም ያነባል፤ «ይገባታል?» ይላል። እኛም «ይገባታል!» እንላለን። አንዲት መበለት አለፈች። አንድ ዓይነ ስውር አለፈ። ከዚያ፣

«አቶ ይስማው ድረስ!»

ሁላችንም ዘወር ብለን አየነው። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ? ልብስ ሰፊው ከግራም ከቀኝም ተለበለበ። በእጁ ያለበሳቸው ሰዎች ሁሉ ራቁቱን ያዩት መሰለው። ተነሣ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ።

«ስሕተት ነው ጌቶቼ» አለ። «ይስማው የድሃ ድርሻ አይበላም። ስሜን ፍቁልኝና ለተቸገረ ስጡልኝ።»

ምን ያደረግን ይመስላችኋል? አጨበጨብንለት! «ጨዋ!» አልነው። «የሰው ልክ!» አልነው። አቶ አዳሙ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው የጠፋብን» ብሎ ስሙን ሰረዘው። እኔም፣ መስቀል የያዝኩት ሰውዬ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ብቻ አላጨበጨበችም።

ቤት ሲገቡ፣ «አንተ ሰው፣ የሰጠኸው እኮ የኔን ዓይን ነው» አለችው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አላት።

ሆድ ይፍጀው ብላ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ጠበል ይወስዳት ጀመር። «ምነው፣ ታመመች እንዴ?» ሲሉት «ለበረከት ነው» ይላል። ጠበሉ ምን በደለ? እግዚአብሔር በጠበሉም ያድናል፣ በሐኪሙም እጅ ያድናል። ይህ ሰው ግን ጠበሉን የድህነቱ መሸፈኛ አደረገው። ሦስት ጊዜ «ዋሽቻለሁ» ሊል አቶ አዳሙ ደጅ ደርሷል። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዕድሩ ድንኳን አውርቶ ተመለሰ። አይ ይሉኝታ! ስንቱን ሰው ቀበርሽው?

እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በመርፌው ክር የምታስገባለት እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት የሰው ሱሪ ሊጠግን መርፌውን ሰጣት። ክሩን ምራቅ አስነክታ ሞከረች። እንደገና ሞከረች። ክሩ በመርፌው ጎን ያልፋል። ፀሐይዋ ከደጁ ወደ ግድግዳው እስክትሄድ ድረስ ሞከረች፤ እሱም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አየ። በመጨረሻ፣ «አትቆጣኝ፣ አሁን ይገባል» አለችው።

አትቆጣኝ አለችው! እሷ እሱን!

ያን ጊዜ ሰውየው አፈረ። በሕዝብ ፊት የተሰማው ለካ ማፈር አልነበረም። ማፈር ማለት ይሄ ነው። መርፌውን ከእጇ ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዓመቱ ዞረ፤ ስብሰባው ደረሰ። ስም መነበብ ሳይጀምር ልብስ ሰፊው ተነሣ።

«ስሜ የለም፤ ጻፉኝ» አለ። «አምና ዋሽቻችኋለሁ። ድሃ ነኝ። ሚስቴ እየታወረችብኝ ነው።»

ማን አጨበጨበ? ማንም። መሬት መሬት አየን። አንዱ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ አዳሙ «ይገባዋል?» ሲል ከግማሻችን አፍ ድምፅ አልወጣም። ቢሆንም ተጻፈ።

ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ አይቷት፣ «ግራውን እናተርፋለን። ቀኙ ግን አልፏል። ምነው አምና ብትመጡ ኖሮ?» አላቸው።

አምና! አምና እኛ ምን ላይ ነበርን? ጭብጨባ ላይ ነበርን!

ወገኖቼ፣ ያቺን ዓይን ማን አጠፋት? እሱ ነው ብላችሁ ቤታችሁ ልትገቡ ነው? ሲዋሽ አመሰገንነው። እውነቱን ሲናገር አቀረቀርንበት። ታዲያ ድህነት ነውር ነው ብሎ ያስተማረው ማነው? እግዚአብሔር ነው? የእግዚአብሔርን ስም አታንሡ። እኛ ነን። በጭብጨባችን ነው ያስተማርነው።

እናንተስ? እዚህ ከቆማችሁት መካከል በተተኮሰ ኮት ሕመም ሸፍኖ የመጣ የለም? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። አዎ። ግን ደባቂውን ብቻ አትውቀሱ፤ የሚያስደብቀው የእኛ ዓይን ነው። በቀበሌያችሁ የጎረቤታችሁ ስም ሲነበብ ዘወር ብላችሁ አትዩት። «ፍቁልኝ» ቢል እጃችሁን ሰብስቡ። ተከትላችሁት ቤቱ ሂዱና፣ «ወንድሜ፣ እውነት ተርፎህ ነው?» በሉት። ስማችሁ ከተጠራ ደግሞ እናንተው ቁሙ፤ ተቀበሉ። የወንድም እጅ የዘረጋውን መቀበል ውርደት አይደለም።

አንጓች ዛሬም በሕይወት አለች። በቀኟ መጥተው ሰላም ቢሏት አታይም። ስለዚህ ያገሯ ሰው ሁሉ ሊስማት የሚመጣው በግራዋ ዞሮ ነው። እኔም እዚያ ስሄድ እዞራለሁ። በዞርኩ ቁጥር አፍራለሁ።

እናንተ ገና ያልዞራችሁለት ጎረቤት አላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት፣ በሩን አንኳኩ።