እግሩ ይደርሳል ወይ?

አንዲት እናት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከመካከላችሁ ዘመድ አይጠፋትምና። ምንተስኖት የሚባል አንድ ልጅ አላት። ጨዋ፣ ጎበዝ፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነው። ቁመት ላይ ብቻ እግዚአብሔር ትንሽ ቆጠብ አድርጎበታል።

አንድ አየር መንገድ ሰልጣኝ አብራሪዎችን ሊቀበል መሆኑ ተሰማ። ትምህርቱ በነጻ ነው። ደመወዙ ደህና ነው። ለወላጅ ደግሞ የነጻ ትኬት አለው። እናት ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ፣ ልጇ ገና ሳይመዘገብ እሷ በሐሳቧ ኢየሩሳሌም ደርሳ ተመለሰች። ትስቃላችሁ? እናንተም ብትሆኑ ሻንጣ ታወርዱ ነበር።

ምንተስኖት የጽሑፉን ፈተና አለፈ፤ ቃለ መጠይቁንም አለፈ። ቀጥሎ ተፈታኙን በአብራሪው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እግሩ የአውሮፕላኑን መርገጫ እስከ ዳር ይገፋ እንደሆነ ያያሉ። እናት ይህን ቀድማ ሰምታ ኖሮ የልጇን ጫማ ለጫማ ሰፊ ሰጥታ ሶል አስደርባለታለች። ፈታኙ ግን ምን አለ? «ጫማ አውልቁ» አለ።

ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቦ እንኳ የምንተስኖት እግር ጥቂት ቀረው። «በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እናይሃለን፤ ያኔም ካልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል» አሉት። ተጠባባቂዋ ከደምቢዶሎ የመጣች ልጅ ናት። የእሷ እግር ይደርሳል። በከተማው የሚያውቃት ሰው ግን የለም።

እናት ዝም ብላ ልትቀመጥ ነው? ከፈታኞቹ አንዱ ካፒቴን ገዛኸኝ የእድሯ አባል ነው። ቤቱ ሄደች።

«እትዬ፣ በደህና ነው?» አላት።

«በደህና ነው። አንድ ጣት ነው የቀረው። ለአንድ ጣት ብለህ ልጄን ትጥልብኛለህ?»

«እኔ አልጣልኩትም እትዬ። እግሩ አልደረሰም።»

«ደርሷል በልለት። የአባትህ ለቅሶ ጊዜ ሽንኩርት ስከትፍ የዋልኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ እስኪጠፋ።»

ካፒቴኑ መሬት መሬት አየ። ሽንኩርቱ እውነት ነው። የእድር ውለታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ በቀላሉ እምቢ አይባልም። «እስቲ ልይ» ብሎ ሸኛት።

በዚያው ሰሞን የእህቷ ልጅ አርባ ምንጭ ልትዳር ነበርና ዘመዶች ለእናት ትኬት ቆርጠውላት ለሠርጉ በአውሮፕላን ሄደች። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። ደመና ውስጥ ሲገቡ አውሮፕላኑ ይናጥ ጀመር። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ይጸልያል። እሷስ ምን አሰበች? ስለ ሠርጉ? ስለ ኃጢአቷ? የለም፤ ስለ መርገጫው አሰበች። አስተናጋጇን ጠራቻት።

«ልጄ፣ የሚያበረው ሰውዬ ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

«ምን አሉኝ እማማ?»

«እግሩ ይደርሳል ወይ? ሲፈተን ጫማውን አውልቆ ነው?»

አስተናጋጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እማማ፣ ፈተናውን ሳያልፍ የገባ አብራሪ የለንም። ይረጋጉ» አለቻት።

እሷ ግን በምን ትረጋጋ? «የዚህኛውስ እናት ሽንኩርት ከትፋ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለች በልቧ። ፍርሃቱም እፍረቱም አንድ ላይ መጣባት።

በደህና ወረዱ። ሻንጣዋን እንኳ ሳትቀበል ለካፒቴኑ ደወለች። «ያን የነገርኩህን ተወው። ካልደረሰ አልደረሰም በል» አለችው።

ካፒቴኑ ሲተነፍስ በስልኩ ተሰማት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። እምቢ የምልበት አፍ አጥቼ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

በቀጠሮው ቀን ምንተስኖት ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። እግሩ አልደረሰም። እናቱ አለቀሰች፤ ለምን አታልቅስ? ምንተስኖት ግን፣ «እማ፣ ደመና መሀል ሆኜ መርገጫ ስፈልግ ይታይሽ» ሲላት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። አሁን ሒሳብ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹም ይወዱታል። የደምቢዶሎዋ ልጅ ገባች። ቦታዋ በአንዲት ሴት ልመና ሊወሰድባት እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ሐኪሙ በወጉ ተፈትኖ ይግባ እንላለን። ሹፌሩ በወጉ ይፈተን፣ የልጆቻችን አስተማሪ በወጉ ይፈተን እንላለን። የእኛ ልጅ ተራ ሲደርስስ? ስልክ እናነሳለን። «አንድ ቃል ብቻ» እንላለን። እግዚአብሔር አያዳላም ብለን እንዘምርና ከዚህ ወጥተን የሚያዳላ ሰው እንፈልጋለን። አይደለም ወይ?

ክፉዎች ስለሆንን አይደለም። ያቺ እናት ልጇን መውደዷ ምን ነውር አለው? ነገር ግን ፍቅራችን የራሳችን ልጅ ላይ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ፣ የሰውን ልጅ ማን ይውደድልን?

ከእናንተ መካከል ፈታኝ አለ። ቀጣሪ አለ። ፊርማው የሚፈለግ አለ። በዚህ ሳምንት የምትወዱት ሰው ይደውልላችሁ ይሆናል፤ ውለታውንም ይቆጥርባችኋል። አክብራችሁ አነጋግሩት። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በሩ ላይ የቆመችውን፣ ስሟን እንኳ የማታውቁትን ልጅ አስቧት። ለእሷ የሚደውል የለም። ያላት ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ።