ያደረው የነዝር ወጥ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁንና፣ ዛሬ የማወጋችሁ በአንዲት ወንዝ ዳር ባለች የድሮ ከተማ ስለኖሩ፣ ሐጂ ሸምሰዲን ስለሚባሉ ሽማግሌ ነው። ከወንዙ ማዶ ባለው መስጊድ ኪታብ የሚቀሩ፣ የዲን ትምህርት የሚማሩ ደረሶች ነበሩ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ናቸው፤ የሚያበላቸውም የከተማው ሰው ነው።

በከተማዋ ሉባባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጇ ሐያት በታመመች ጊዜ «ያ ረቢ፣ ልጄን ብታስነሳልኝ ደረሶችን አጠግባለሁ» ብላ ነዝር ገባች፤ ተሳለች ማለት ነው። ልጅቱ ዳነች። ሉባባም ያለቻትን አንድ ፍየል አሳርዳ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ወጡን ሠርታ ጨረሰች። ሐጂም መጥተው ዱዓ አደረጉበት። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙ ሞላና ደረሶቹ መሻገር አቃታቸው። ምን ታድርግ? ሙቀቱ እንዳይወጣ ብላ ድስቱን በጋቢ ጠቅልላ አሳደረችው።

ጠዋት ወንዙ ጎደለ፤ ደረሶቹ እየመጡ ነው ተባለ። ሉባባ ድስቱን ልትጥድ ስትል ሐጂ ደረሱና ድስቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ለብ ብሏል።

«ልጄ፣ ማታ መልሰሽ አፍልተሽዋል?»

«አላፈላሁትም አባባ። አሁን አሞቀዋለሁ፤ ሽታውም ደህና ነው።»

«ሽታ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ለብ እንዳለ ያደረ ሥጋ ሳይሸትም ይጎዳል፤ ማሞቅም ሁልጊዜ አያድነውም።»

ይሄኔ ጎረቤቷ አሊዩ ጣልቃ ገባ። አሊዩ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው።

«ሐጂ፣ እርስዎ ራስዎ ዱዓ ያደረጉበት እኮ ነው። ዱዓ ያረፈበት ምግብ ይበላሻል እንዴ? ደግሞስ የነዝር ምግብ መድፋት ኢስራፍ፣ ብክነት አይደለም ወይ?»

አትፍረዱበት፤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያምነው እንደዚያ ነበር። ሉባባም እንባዋ መጣ።

«አባባ፣ ነዝሬን ከደፋሁት ሕመሙ ልጄን መልሶ ይይዛታል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ፍየል የለኝም።»

«ስትሳይ ምን ነበር ያልሽው?»

«ደረሶችን አጠግባለሁ ነው ያልኩት።»

«ሥጋ ብለሻል?»

«ኧረ አላልኩም።»

«እንግዲያው ታጠግቢያቸዋለሽ።» ቀጥለውም፣ «አሁን ከዚህ ወጥ ለሐያት ታጎርሻታለሽ?» አሏት።

ሉባባ ድስቱን ወደ ጎን ገፋችው። ልጅቱ ገና ከአልጋ መነሳቷ ነው።

ሐጂ ቤታቸው ሄደው ዱቄትና ቅቤ ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ገንፎው ተገነፋ። ወጡም ውሻ እንዳያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። ደረሶቹ «የፍየሉን ወሬ ሰምተን ነበር እኮ» እያሉ እየሳቁ ትኩሱን ገንፎ ጠገቡ፤ «አላህ ነዝርሽን ይቀበልሽ» ብለውም መረቋት። ሉባባ አሚን አለች፤ ፍርሃቱ ግን ከሆዷ አልወጣም።

አሊዩ ታዲያ ወጡ ሳይቀበር አንድ ሳህን ደብቆ ወደ ቤቱ ወስዶ ኖሯል። የዐስር ሶላት ሳይደርስ ሆዱን ይዞ ተኛ። የበላው በላይም በታችም ወጣ። ሐጂ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ እያጠጡት አብረውት ቆዩ። በማግስቱ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተቀምጦ ሾርባ ጠየቀ።

ሉባባ ይህን ስትሰማ፣ «ያን ሁሉ የሰው ልጅ ልፈጅ ነበር» አለች። ቀጥላም እፎይ ብላ አለቀሰች፤ ደረሶቹ ደህና ናቸው፣ ሐያትም ግቢው ውስጥ ትሮጣለች።

አሊዩ አንገቱን ደፍቶ ሐጂን ጠየቃቸው፦ «ዱዓው ታዲያ የት ገባ?»

«ዱዓውማ ተሰምቷል» አሉት፤ «ልጆቹ በጤና አድረዋል።»

እኔ ይህን ቃል ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። እኛ በረካን ድስት ውስጥ ቆልፈን እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ ጥንቃቄውን ለአላህ ትተን እንተኛለን። ያደረ ምግብ ሁሉ መርዝ ነው አላልኩም፤ ፍሪጅ ያለው ቶሎ ያስገባ፣ የሌለው የሚበላውን ያህል ይሥራ። የተጠራጠራችሁትን ግን «ለድሃ ይሆናል» ብላችሁ አታውጡት። የአላህ ጥበቃ አንዳንዴ የሚመጣው «ይህን አትብሉ» በሚል ሰው አፍ ነው፤ ያን ቀን ሉባባ ሰማች።