የሃርዊን ወንበር

በአንድ ወቅት በእንግሊዝ አገር፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ሎርድ ሃርዊን የሚባሉ አረጋዊ ባላባት ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። በዚያ አገር የአያት ስም እንደ እኛ በልጅ ልጅ አይቆምም፤ የቤቱ ስም ሆኖ ይኖራል። ማዕረጉም እንደ ዋግሹምነት በዘር ይወርዳል። ስለዚህ ሃርዊን የሚባለው ብዙ፣ ሎርድ ሃርዊን የሚባለው ግን አንድ ብቻ ነው።

ሰውየው በተቀበሩ በሳምንቱ ወንዙ ሞልቶ ቤት ገባና ንጉሥ ማዕረጉን የሰጠበትን ብራና ይዞት ሄደ። ብራናው ከሌለ ማዕረጉም የለም።

ዊልያም ሃርዊን የቤቱ ፈረሶች ጠባቂ ነበር። አያቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጥለው የተገኙ ሕፃን ስለነበሩ፣ ሃርዊን የሚለውን ስም ያወጡላቸው ያጠመቋቸው ቄስ ናቸው፤ ከባላባቱ ቤት ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ዊልያም ጫማውን ሳያወልቅ ወንዙ ውስጥ ዘለለ። ብራናውን በጥርሱ ነክሶ ሲወጣ የሟቹ ባለቤት እሜቴ ማርጋሬት፣ «አንተ ዕብድ! ብትሰምጥስ?» አሉት።

«ፈረሶቹ ያለቅሱልኛል፣ እሜቴ» አለ እየሳቀ።

ኤድመንድ ሃርዊን የሟቹ የአጎት ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ርስቱን ያስተዳደረ፣ አገሩ ሁሉ ወራሽ የሚለው። ብራናውን በጥላ አድርቆ የደበዘዘውን ጽሕፈት ሲያነብ ሦስት ቀን ፈጀ። «ለበኩሩ ዘር» ይላል። የኤድመንድና የሟቹ አያት ግን ታናሽ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው የድሃ ልጅ አግብተው ተባርረዋል። ብራናውን ምድጃው ውስጥ ቢጥለው የሚያይ አልነበረም። እኔ ብሆን እንጃ። እሱ ግን ፈረሱን ጭኖ የታላቁን ዘር ፍለጋ ሄደ።

ሮበርት ሃርዊን በሩቅ ከተማ ጫማ ሰፊ ነበር። «ሎርድ ነህ» ቢለው፣ «እስቲ መጀመሪያ ይህችን ሶል ልጨርሳት» አለ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር የሃርዊንን ቤት የማኅተም ቀለበት አወጣ። ከአያቱ ጀምሮ በረሃብ ዘመን እንኳ ሳይሸጡት ይዘውት ኖረዋል። የብራናውን ማኅተም ወንዙ ስለወሰደው፣ ያለዚያ ቀለበት የሚቀበለው ዳኛ አልነበረም።

ሦስቱ ሃርዊኖች ሲቀርቡ የንጉሡ ዳኛ ቀለበቱን አይተው ብራናውን ተቀበሉ። ቀጥለው ሲያነቡ ግን ፈገግ አሉ፦ «‹ለበኩሩ ዘር፣ ስሙን እዚህ እንደተጻፈው ለሚጽፍ› ይላል። እስቲ ስማችሁን ጻፉ።»

ጻፉ። የሮበርትና የኤድመንድ አባቶች ለማሳመር ሲሉ አንድ ፊደል ለውጠው ኖሯል፤ እኛ ንጉሡን ሠ ትተን በእሳቱ ሰ እንደምንጽፈው ማለት ነው። ቄሱ ግን ለተጣለው ሕፃን ስም ሲያወጡ ከብራናው ገልብጠው ነበር። በትክክል የጻፈው ፈረስ ጠባቂው ብቻ ሆነ።

«ዘሩንም ጽሕፈቱንም የሚያሟላ የለምና እስከ ነገ አንዱን ምረጡ» አሉ ዳኛው። «ካልተስማማችሁ ማዕረጉ ይሠረዛል።»

ሦስቱ በአንድ ማዕድ ተቀመጡ።

«ደሙ የሮበርት ነው» አለ ዊልያም።

«ኤድመንድ ባይመጣ ማን ያውቀኝ ነበር?» አለ ሮበርት።

«ዊልያም ባይዋኝ ምን አነብ ነበር?» አለ ኤድመንድ።

«እናንተ ስትገባበዙ የሎርዱ ወንበር ባዶውን ሊቀር ነው!» አሉ እሜቴ ማርጋሬት፣ ዳቦውን እየቆረሱላቸው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ወንበሩ የሚገባው ብራናውን ከውሃ ላወጣው ነው፣ ከእሳት ለማረው ነው፣ ወይስ ቀለበቱን በረሃብ ላልሸጠው?