የአንድ ጭነት ጨው ዳጉ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ መኪናም ባቡርም ባለበት ዘመን፣ በአፋር ምድር አንድ የጨው ሐይቅ አጠገብ ያዮ የሚባል ሽማግሌ ነበር። የመንደሩን ብቸኛ የውኃ ጉድጓድ የሚጠብቀው እሱ ነው። የጉድጓዱ ገመድ በእጁ ስለሆነ ማን መቼ እንደሚቀዳ፣ ስንት ከብት እንደሚጠጣ ይወስናል። ውኃው ግን በየዓመቱ አንድ ክንድ ይሸሻል። ገመዱ የማይሆን ሰው እጅ ከገባ መንደሩ አለቀለት ማለት ነው።

ያዮ ሞቱ ሲቃረብ ሦስት ልጆቹን ጠራ።

«እያንዳንዳችሁ መቶ ሃያ ኩንታል ጨው ከሐይቁ ወደ ደጋው ገበያ አድርሱ። ምድርን ከሁሉ ያነሰ የጎዳ ገመዱን ይውሰድ» አላቸው።

ታላቁ ሐንፈሬ ግመለኛ ነው። ስልሳ ግመል ጭኖ ወጣ። ከግራሮቹ ሲደርስ እንቡጥ እንዳይቀነጥቡ ብሎ የስልሳውንም አፍ አሰረ፤ ድርቆሹን ከቤት ይዞላቸው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ገበያ ገባ። «ጭስ የለ፣ ጥርጊያ የለ፤ ዱካችንን ነፋስ ወስዶታል» አለ።

መካከለኛው ሎአይታ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እሱ በግማሽ ቀን ደረሰ። ጭሱን ማንም አይክድም፤ እሱም አልካደም። ነገር ግን ባዶ መመለስን እንደ ነውር ቆጥሮ የመንደሩን የክረምት ማሽላ ጭኖ መጣ። «በአንድ ጭስ ሁለት ጭነት» አለ።

ታናሽ እህታቸው ሞሚና የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ናት፤ ባቡሩ የሚሄደው ከወንዝ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። ጨውዋን ጫነችና ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቆመች። ወንድሞቿ «ባቡርሽ ታመመ እንዴ?» እያሉ ሳቁባት። እሷ ግን ፉርጎው ሁሉ የሌላ ሰው ጭነት እስኪሞላው አላስነሳም ብላ ነው። ሲሞላ አስነሳችው፤ ያለ አንዲት ጭስ ደረሰ።

ያዮ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት እህቱ ሐዋ ከለከለችው። አፋር አገር ሁለት መንገደኞች ተገናኝተው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ካልተነጋገሩ አይተላለፉም፤ ይህ ዳጉ ይባላል። ዳጉ የሚደብቅ ሰው ሰው አይባልም። ሐዋ ደግሞ ዳጉ በመስማት ያረጀች ሴት ናት።

«ወንድሜ፣ ዳጉውን ከመሃል ጀመርከው» አለችው። «ጨውን የተሸከመው ነገር የት ተወለደ? ምን በልቶ አደገ? ሲሞትስ የት ይወድቃል?»

ያዮ በሰማንያ ዓመቱ አፈረ። ልጆቹም ተቀመጡ።

«ግመሎቼ የተወለዱት እዚሁ ነው» አለ ሐንፈሬ። «ሲሞቱም ምድር የራሷን ትወስዳለች።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን አንድ ግመል ጭነት እስኪችል ድረስ ዓመታት ይጠጣል። የስልሳውም ውኃ ከዚሁ ጉድጓድ ነው፣ አክስቴ።»

«የእኔ መኪና ከማላውቀው አገር በተቆፈረ ብረት ተሠራ፤ ነዳጁም ባሕር ተሻግሮ ይመጣል» አለ ሎአይታ። «መንገዱ ሲጠረግ አራት መቶ ግራር ወድቋል፤ ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ያረጀውን ባትሪ ግን አንድ ወንዝ ዳር የጣልኩት እኔ ነኝ። ዳጉ ነውና አልደብቅም።»

«ለሐዲዱ ጠጠር አንድ ኮረብታ ተፈልጦ አልቋል» አለች ሞሚና። «ለኤሌክትሪኩ ወንዙ ሲገደብ አንድ ሸለቆ ከነመቃብሩ ሰጥሟል። ሐዲዱ ግን መቶ ዓመት ይጭናል። ለመቶ ዓመት ጭነት ብታካፍሉት ለእኔ ጨው የሚደርሰው አንድ እፍኝ አፈር ነው።»

«ጭነቱ ባይመጣስ?» አለ ሎአይታ።

«መጣም አልመጣም ኮረብታው ሄዷል» አለ ሐንፈሬ።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ወጥ ውስጥ ጣል አድርገን የምንረሳው ጨው ነው እኮ! ያዮ ከጆንያው ጥቂት ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ስልስ ኖርኩ» አለ። «ባሕር እንዳለበት፣ ኮረብታ እንዳለበት፣ የማላውቃቸው ሰዎች መቃብር እንዳለበት አንድ ቀን አልቀመስኩም። ፈጣሪ ሆይ፣ ምድር ስንቱን ችላናለች!»

ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ወደ ሐንፈሬ ዘረጋው፤ መለሰው። ወደ ሎአይታ ዘረጋው፤ መለሰው። ወደ ሞሚና ዘረጋው፤ መለሰው። ከዚያ ከሦስቱ መሃል መሬት ላይ አስቀመጠውና ዓይኑን ጨፈነ። አልገለጠውም።

ቀብረውት ሲመለሱ ገመዱ እዚያው ነበር። ከብቶቹ ከጉድጓዱ አፍ ቆመው ይጮኻሉ፣ ሰዉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይጠብቃል፣ ፍርዱ የወደቀባት ሐዋም ሦስቱን ተራ በተራ ታያለች።

እናንተ የሐዋን ቦታ ብትይዙ፣ ገመዱን አንስታችሁ ለማን ትሰጡ ነበር?