የታጠበው ጠገራ ብር

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት አህያ የክረምት ማደሪያ ትፈልግ ጀመር። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጇን ጅብ በልቶባታል። ዘንድሮ ደግሞ ገና ጡት ያልጣለች ውርንጭላ አለቻት። ገበያው ዳር በሩ የጠበቀ አንድ በረት ይሸጣል፤ ዋጋው አንድ ጠገራ ብር ነው። እሷም ከእናቷ የወረሰችው አንድ ጠገራ ብር አላት፤ ግን ዕድሜ አጥቁሮታል።

«ሐሰተኛ ነው ቢሉኝስ?» እያለች ስትብሰለሰል ቀበሮ መጣች። ይቺ ቀበሮ በረቱን ከተመኘች ሰንብታለች።

«አይ እታለም!» አለች ቀበሮ ብሩን እያገላበጠች። «ይሄን ጥላሸት ይዘሽ በረቱን የሚሸጠው ብር መርማሪ ዝንጀሮ ፊት ልትቀርቢ ነው? ቆርቆሮ ነው ብሎ ያባርርሻል። በአሸዋ ፈትጊው እንጂ!»

«እውነትሽን ነው?»

«ለልጅሽ ብዬ ነው፤ እኔማ ምን ቸገረኝ!»

አህያ ወንዝ ወርዳ ፈተገችው። ትንሽ ነጣ። ልቧ ግን አላረፈም፤ ደገመች፣ ሠለሰች። በመጨረሻ ፊቷ የሚታይበት ሆነ። ደስ አላት፣ ምስኪን።

በማግስቱ ገበያ ወጣች። ብር መርማሪው ሽማግሌ ዝንጀሮ ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል ሲያደርገው ቅጭል አለ። አህያ እፎይ አለች። ዝንጀሮ ግን ብሩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ፣ በላዩ የተቀረጸችውን ሴትዮ የደረት ጌጥ ይፈልግ ጀመር። ጌጡ ላይ ዘጠኝ ነጠብጣብ ካልተቆጠረ ገበያው ብሩን አይቀበልም።

«ነጠብጣቦቹስ?»

«አ... አጥቤው ነው፣ አያ ዝንጀሮ።»

«አጥበሽ? ፍቀሽ በይ እንጂ! ድምፁ የብር ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ነጠብጣቡ የጠፋበትን ማንም አይወስድልሽም። ምናልባት አንጥረኛ ለቀለበት ያቀልጠው እንደሆነ እንጂ፤ እሱም በግማሽ ዋጋ።»

አህያ ብሯን መልሳ ተቀበለች። ወዲያው ቀበሮ ከኋላዋ ብቅ ብላ የራሷን ብር አቀረበች። ከድስት ቂጥ የባሰ የጠቆረ ነው! ዝንጀሮ ድምፁን ሰማ፤ ነጠብጣቡን ቆጠረ። «ዘጠኝ፤ ሙሉ ነው» ብሎ የበረቱን ቁልፍ ሰጣት።

«አንቺስ ለምን አላጠብሽውም?» አለች አህያ።

«እኔን ማን መክሮኝ!» አለች ቀበሮ፤ ቁልፏንም ይዛ ሄደች።

አያ ጅቦ ከገበያው ጥግ ሆኖ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ምራቁን ዋጠ።

«እታለም፣» አለ በትሕትና፣ «ታዲያ ከነልጅሽ ክረምቱን የት ልታሳልፉ አሰባችሁ?»

ከዚህ የምንማረው፣ እኛ የምንሻውን የሚሻ ሰው ሲመክረን፣ ምክሩን እሱ ራሱ ይሠራበት እንደሆነ አስቀድመን ማየት እንዳለብን ነው።