የእናቴ ደምና የእትዬ የውብዳር ዓይን

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሁለት ልጆች በተከታታይ የቀበረች። ምን እደብቃችኋለሁ ወገኖቼ፣ ሴትዮዋ እናቴ ናት።

ያደግሁት ወገልጤና ነው። ከእትዬ የውብዳር ቤት ጋር በሚያዋስነን አጥር ላይ አንዲት ሽንቁር ነበረች። ጨው በዚያ ይሄዳል፣ ፍም በዚያ ይመጣል፣ እኔንም በዚያችው ሽንቁር እየተቀባበሉ ነው ያሳደጉኝ። እናቴ እኔን የወለደች ጊዜ ያዋለደቻት፣ ያጠበችኝ፣ ገንፎውን ያገነፋችው እትዬ የውብዳር ናት። ሁለቱ ሲሳሳቁ አባቴ "እናንተ ሴቶች፣ ጎረቤት ትረብሻላችሁ!" ይላል። ጎረቤቷ እኮ ራሷ ናት! አቤት ያ ጊዜ! እንዴት እንደሚናፍቀኝ አልነግራችሁም።

እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ደህና ተወለድሁ፣ ደህና አደግሁ። ተከታዬ ግን በተወለደ በማግስቱ መላ አካሉ ቢጫ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ከሱ በኋላ የመጣችው እህቴም እንዲሁ። መንደሩ "ሾተላይ ነው" አለ። ያን ጊዜ ሾተላይ ስንል ልጅ እየተከተለ የሚገድል ክፉ መንፈስ ነበር የሚመስለን። ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ጥፋተኛ ይፈልጋላ! አንዷ መጣችና "ልጆችሽን መጀመሪያ የምታያቸው ማን ናት?" አለቻት። ሁሉንም ያዋለደችው እትዬ የውብዳር ናታ፣ ሌላ ማን ይሆናል! እናቴ አመነች። "ዓይንሽ ነው ልጆቼን የበላብኝ" ብላ ጓደኛዋን ከደጇ መለሰቻት። አምስት ዓመት ተኳረፉ።

እናቴ እንደገና ስታረግዝ አባቴ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ደሟን አስመርምራ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"የኔ እህት፣ ዓይን አይደለም። ደምሽ ከልጆችሽ ደም ጋር አይገጥምም። የበኩርሽን ስትወልጂ የሱ ደም ካንቺ ተነካካ፤ ሰውነትሽም ባዕድ መጣብኝ ብሎ መከላከያ አበጀ። እሱ ወጥቶ አመለጠ። ከሱ በኋላ የሚመጣውን ግን ገና ማህፀንሽ ውስጥ ሳለ ጠላት ነው ብሎ ይዋጋዋል። አሁን መርፌ ወጥቶለታል፤ ግን የመጀመሪያውን በወለድሽ በሦስት ቀን ውስጥ ነበር መወጋት የነበረብሽ። ላንቺ አልፏል።"

"ታዲያ ይሄኛውም ሊሞትብኝ ነው?"

"እዚሁ ውለጂ። እንደተወለደ ደሙን እንለውጥለታለን። ተስፋ አለን።"

እዚያው ወለደች። የሕፃኗ ደም ተለወጠ። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ስንት ቀን ጸለየ መሰላችሁ! ልጅቱ ዳነች። ተመስገን በሉ እንጂ! ምነው ዝም አላችሁ?

እናቴ ከደሴ ስትመለስ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ እትዬ የውብዳር ቤት ሄደች። ልቀበላት ሮጬ ነበርና ተከተልኋት። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በአገራችን የጨቅላ ፊት ለሰው አይገለጥም፣ ታውቃላችሁ። እናቴ ግን ሕፃኗን እትዬ የውብዳር ጭን ላይ አስቀምጣ ነጠላውን ገለጠችው።

"የውብዳር፣ ልጄን እይልኝ።"

እትዬ የውብዳር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "አላይም! ውሰጃት በእግዜር! ደግሞ አንድ ነገር ብትሆን..."

አያችሁ? ልጅ ያዘለች ሴት በመንገድ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ማዞር ለምዳ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት!

እናቴ እግሯ ላይ ወደቀች። "ደሜ ነው የገደላቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም። በድዬሻለሁ። እይልኝ፣ የኔ እናት፣ እይልኝ!"

እትዬ የውብዳር ቀስ ብላ ዞረች። አየቻት። "ቁርጥ አንቺን!" አለችና ተቃቅፈው አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ደም አያውቅም። የገዛ ልጁን ጠላት ነው ብሎ ቢሳሳት ምን ይፈረድበታል? እኛስ? የመጀመሪያው የጎዳን ሰው አምልጦ ሄዷል። የምንዋጋው ከሱ በኋላ የመጣውን፣ ምንም ያላደረገንን ነው። ባልሽን የምትጠረጥሪው በማን ጥፋት ነው? አንተስ አዲሷን የልጅህን ሚስት ያኮረፍሃት ምን አድርጋህ ነው? ለደሙ መርፌ ተገኘለት። ለእኛ በደል ግን ሄዶ "በድዬሃለሁ" ከማለት በቀር ምን መድኃኒት አለው?

እናቴም እትዬ የውብዳርም ዛሬ የሉም። ያንን አምስት ዓመት ግን እናቴ እስክትሞት ትቆጭበት ነበር። "ታርቀን እንኳ አልተመለሰልኝም" ትለኝ ነበር።

እናንተ ባላችሁት ቃል የተነሳ፣ ስታልፉ ፊቱን የሚያዞር ሰው የለም? አለ። ስሙን አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ታውቁታላችሁ። እሱ ገና በሕይወት አለ። ሂዱ።