ጥላ የተኛበት የሕፃን አልጋ

አንድ ሰንሰለት ልዘረጋላችሁ ነው፤ ጫፉን ያዙልኝ። መሃል ላይ ቢጠፋባችሁ አትፈሩ፤ ባለታሪኩም ራሱ ጠፍቶበታል።

ዝናቧ በማያባራ አንዲት የደጋ ከተማ ምንውየለት የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። የራሱን መኪና ከሸጠ ወዲህ ጋራዡን የእንጨት መሥሪያ አድርጎት የሰፈሩን በርጩማ ሁሉ እዚያ ሲጠግን ይውላል። ዘንድሮ የያዘው ሥራ ግን በርጩማ አይደለም። ልጁ እናኑ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ እየመጣች ነው፤ እሱም ለሚወለደው ሕፃን አልጋ እየሠራ ነው።

የፈለገው ነገር ትንሽ ነበር። በእርሳስ ያሰመረውን መስመር ማየት። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

መስመሩ ግን አይታይም። የጋራዡ አምፖል ለመኪናው ተብሎ መሃል ጣራው ላይ የተሰቀለ ነው፤ የሥራ ጠረጴዛው ደግሞ ግድግዳው ሥር ነው። ምንውየለት ጠረጴዛው ፊት ሲቆም አምፖሉ ከጀርባው ይሆንና የራሱ ጥላ መጥቶ መስመሩ ላይ ይተኛል። ወደ ግራ ሲል ጥላው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ጥላው ወደ ቀኝ። ብልህ ነኝ ብሎ ትልቅ አምፖል ገዝቶ ቀየረ፤ ጥላው ጭራሽ ጠቆረ። በዚያ ጥላ ውስጥ ሲቆርጥ የአልጋውን አንድ እግር አሳጠረው።

«ዓይንህ ነው» አለች ሚስቱ የሺወርቅ፣ አጭሩን እግር ከረጅሙ ጎን አቁማ እያየች። «ተወው በቃ፤ አልጋ ከገበያ ይመጣል።»

«መብራቱ ነው!»

«መብራቱማ ይኸው በርቷል።»

እውነትም በርቷል። ምንውየለት ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። አባቱ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ በሰው ክንድ ይሄዱ እንደነበር ትዝ አለው። ዓይኑ ይሁን መብራቱ እሱም አያውቅም።

«እንግዲህ ደህና መብራት ይሰቀል» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜም መስመሩ ካልታየኝ መጋዙን ለሰው እሰጠዋለሁ። ሁለተኛ እንጨት አልነካም።»

የሺወርቅ ደነገጠች። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ካለ አለ ነው።

ምንውየለት ጃንጥላውን ይዞ ብዙነሽ የምትባል ነጋዴ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደ። «ለእንጨት መሥሪያዬ የሚሆን ደህና መብራት ስጪኝ» አላት።

«ነጭ ነው ቢጫ?»

«እ?»

«ረጅም ነው ክብ? አንድ ነው ሁለት? ሽፋን ያለው ነው የሌለው? ጣራ ላይ የሚለጠፍ ነው የሚንጠለጠል?»

ምንውየለት የተሰቀሉትን መብራቶች አንድ በአንድ ቀና ብሎ ሲያይ ራሱ ዞረበት። «የሚያበራውን» አለ።

«ሁሉም ያበራሉ፣ ጋሼ። ሰው ሁሉ እንደዚሁ እያለ ይወስድና መልሶ ያመጣብኛል። ዳምጤ ጣራዎን አይቶ የቱ እንደሚሆን ይንገረኝ፤ ያኔ እሰጥዎታለሁ።» ዳምጤ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

እናም መብራቱ ያለ ዳምጤ ከሱቅ ንቅንቅ አልልም አለ፤ ጥላው ከመስመሩ አልነሳም አለ፤ መስመሩ አልታይም አለ፤ አልጋው አልቆምም አለ።

ዳምጤን ሻይ ቤት አገኘው። «ና ጣራዬን እይልኝ፣ ብዙነሽ ያለ አንተ አልሰጥም ብላለች።»

«ደስ ይለኛል፣ ጋሼ። መሰላል አለዎት?»

«ወንበር አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ብናወጣው…»

«እንደሱ ብዬ ነው የወደቅሁት!» አለ ዳምጤ ወገቡን ይዞ። «በርሜል ላይ ወንበር ደርቤ ወጥቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ መሰላል ለእናቴም አልወጣም።»

እናም ዳምጤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ያለ ዳምጤ ከሱቅ ንቅንቅ አልልም አለ፤ ጥላው ከመስመሩ አልነሳም አለ፤ መስመሩ አልታይም አለ፤ አልጋው አልቆምም አለ።

መሰላል ያለው ጎረቤቱ ጫኔ ነው። ጫኔ ግቢው ውስጥ ቆሞ አጥሩን በሐዘን ያያል። ዝናቡ የአጥሩን ቋሚ አበስብሶ ስለጣለው አጥሩን በመሰላሉ ከውስጥ በኩል ደግፎ አቁሞታል።

«መሰላልማ ነበረኝ፣ አሁን ግን አጥር ሆኗል» አለ ጫኔ። «አዲስ ቋሚ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። ጉድጓዱን የምቆፍርበት ዶማ ነው የጠፋው፤ የኔን ወንድሜ ገጠር ወስዶ አስቀረብኝ። ዶማ ፈልግልኝና መሰላሉን ዛሬውኑ ውሰድ።»

«እኔ የመጣሁት ለመብራት ነበር» አለ ምንውየለት።

«እኔስ ለዶማ አይደል የምለምንህ?»

እናም መሰላሉ ከአጥሩ አልላቀቅም አለ፤ ዳምጤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ያለ ዳምጤ ከሱቅ ንቅንቅ አልልም አለ፤ ጥላው ከመስመሩ አልነሳም አለ፤ መስመሩ አልታይም አለ፤ አልጋው አልቆምም አለ።

ከመንገዱ ማዶ በጓሯቸው ድንች የሚተክሉ እማማ ጥሩዬ አሉ። ምንውየለት ዶማ ሲጠይቃቸው ወደ ጓዳ ገቡና ብረቱን ብቻ ይዘው ወጡ።

«ይኸው ዶማው። ዛቢያው ተሰብሮ ባዶውን ቀርቷል። ዛቢያ አግባለትና የፈለግኸውን ያህል ቆፍርበት፣ ልጄ።»

«ዛቢያ የሚሠራልኝ ማን ነው፣ እማማ?»

እማማ ጥሩዬ የቀለደባቸው መስሏቸው ትክ ብለው አዩት። «በዚህ ሰፈር ካንተ ሌላ እንጨት የሚነካ ማን አለ?»

እናም ዶማው ያለ ዛቢያ አልቆፍርም አለ፤ መሰላሉ ከአጥሩ አልላቀቅም አለ፤ ዳምጤ ያለ መሰላል አልወጣም አለ፤ መብራቱ ያለ ዳምጤ ከሱቅ ንቅንቅ አልልም አለ፤ ጥላው ከመስመሩ አልነሳም አለ፤ መስመሩ አልታይም አለ፤ አልጋው አልቆምም አለ። ምንውየለት የዶማውን ብረት ታቅፎ ዝናብ ላይ ቆመ። ጃንጥላውን ከየትኛው ቤት እንደረሳው እንኳ አላወቀም።

ቤት ሲደርስ የሺወርቅ በር ላይ ተቀበለችው። «መብራቱስ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዳምጤ ዶማ ላይ አልወጣም አለ» አለ ምንውየለት። «መሰላሉ ዛቢያ የለውም። ብዙነሽ አጥር ደግፋ…»

«ማን? ብዙነሽ?»

«ቆይ፣ ቆይ። ጫኔ ነው። ጫኔ ነጭ ነው ቢጫ ብሎኝ… እሱም አይደለም። እማማ ጥሩዬ ከበርሜል ወድቀው…»

«ኧረ በስመአብ!»

እጁን ይዛ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው፤ ፎጣ ሰጠችውና ከመጀመሪያው ጀምሮ አስነገረችው። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ሲጨርስ አቀረቀረ። «ገባሽ? መብራት እንዲሰቀል ዛቢያ መሥራት አለብኝ። ዛቢያ ለመሥራት መብራት ያስፈልገኛል። ያዙሩኛል እንጂ ማንም አይሰጠኝም።»

የሺወርቅ የዶማውን ብረት አገላብጣ አየችው። «ዛቢያ በመስመር ነው እንዴ የሚሠራው?»

«አይ። በመዳፍ ነው እንጂ። እየጨበጡ፣ እየላጉ…» ብሎ መዳፉን ገልጦ አየ።

«እና መዳፍህ መብራት ይፈልጋል?»

በረንዳው ጠባብ ነው፤ ዝናቡ እየረጨ ሳንቃ ያበሰብሳል፤ አልጋ አይሠራበትም። ዛቢያ ግን ጭን ላይ ይሠራል። ምንውየለት የወይራ ቁራጭ አመጣ፤ በመጥረቢያ ጠረበ፤ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀ፤ በመዳፉ እየዳሰሰ ጎርበጥ ያለውን ደግሞ ፋቀ። መሃል ላይ ዓይኑን ጨፈነ። እጁ ቀጠለ። ይህ ደስ ሊለው ሲገባ አስፈራው፤ ዓይን ሲጠፋ የሚቀረውን ከወዲሁ እየተለማመደ መሰለው። ቶሎ ገለጠና ዛቢያውን ብረቱ ውስጥ መትቶ አስገባው።

ከዚያማ ሰንሰለቱ ከጫፉ ተፈታ። ዛቢያው ወደ ዶማው ገባ፤ ዶማው ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ቋሚው ተተከለ፤ አጥሩ በራሱ ቆመ፤ መሰላሉ ከአጥሩ ተላቀቀ፤ ዳምጤ መሰላሉ ላይ ወጣ።

ዳምጤ ጣራውን ዳበሰ፤ ጠረጴዛውን ከላይ አየ፤ «ጋሼ፣ አምፖሉ ከኋላዎ እያለ ትልቅ ቢያደርጉት ጥላዎን ነው ያሳደጉት» አለ። «ሁለት ረጃጅም ነጭ ያስፈልግዎታል። ከራስዎ ፊት፣ ከጠረጴዛው በላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይሁን፤ ያንደኛውን ጥላ ሌላኛው ያጠፋዋል። ሽፋን ያለው ይሁን፣ ሰጋቱራው እንዳይገባበት።» ይህንኑ ሄዶ ለብዙነሽ ነገራት፤ ብዙነሽ መብራቶቹን አወረደች፤ መብራቶቹ ከሱቅ ወጡ፤ ተሰቀሉ፤ በሩ፤ ጥላው ከመስመሩ ተነሳ።

መስመሩስ?

ምንውየለት ጠረጴዛው ጋ ለመቅረብ ፈራ። ዳምጤ ዕቃውን ይሰበስባል፤ የሺወርቅ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። ከእንግዲህ በመብራቱ ማመካኘት አይቻልም። አዲስ ሳንቃ አስቀመጠ፣ በእርሳስ አሰመረ፣ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

«ምነው?» አለች የሺወርቅ። «አልታየህም?»

«ታይቶኝ ነበር» አለ ምንውየለት። «ጥርት ብሎ፣ ከነእንጨቱ ደም ሥር ታይቶኝ ነበር።» ትከሻው ተነቃነቀ። «አሁን ነው እንባው የጋረደብኝ።»

የሺወርቅ ሳቀችም አለቀሰችም። ቀርባ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን ጠረገችለት። እሱም መጋዙን አነሳ፤ አልጋውም ቆመ።